ብርሃኑ እስኪያልፍ ታገሱ

ውይ… ውይ ሆዴን… ቆይ ጀማነሽ፣ መጀመሪያ ሳቄን ልጨርስ። ዋናው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱን አሁን ካወራሁልሽ ይሄን የታጠበ አንሶላ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ታች ትለቂዋለሽ። እስኪ ጫፉን ያዢልኝ። እንዲህ፣ ወጠር አድርጊው። ደግሞ መጀመሪያ ሰላም እንባባል እንጂ፤ ሰው ከአዳማ አራስ ጠይቆ መጥቶ ልጅቷ እንዴት ናት ሳይባል ወሬ ይጀመራል? ደህና ናት? ወተቱ ወረደላት? እሰይ። ሕፃኑስ፣ ግንባሩ የአንቺ ነው አሉ፣ እሱን እግዜር ያስተካክለዋል። አዳማ ሙቀቱ እንዴት ነው? ውሃስ? … ቧንቧ ሲከፍቱት ዝም ብሎ ይወርዳል? ማንንም ሳያስፈቅድ? … አይ የታደለ አገር።

እኛ ደህና ነን። አንቺ ጾሙ ሳይገባ ነው የሄድሽው፣ ብዙ ነገር አምልጦሻል። የሰንጋ ተራው ኮንዶሚንየም ድሮ የምታውቂው መሰለሽ? አሁን የጥበብ ሰፈር ሆነናል። ምን ያስቅሻል? የምሬን ነው።

አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ስም ከጠሩ ሐሜት ነው፣ ካልጠሩ ጨዋታ ነው፤ ጾም ላይ ነን፣ እኔ ደግሞ ንስሐ አባቴን እፈራለሁ። … ድምፅሽን ቀንሺ ነው የምትይኝ? ለምን? ይሄ መስኮት ክፍት ስለሆነ? ኧረ በስመአብ። የዚህ መስኮት ባለቤት ምን አገባቸው፣ ሬዲዮናቸውን እያዳመጡ ነው። ስለ እሳቸው መች አወራሁ? እኔ የማወራው ስለ አንድ የተከበሩ፣ የተማሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ የሕንፃቸው የውሃ ገንዳ ቁልፍ በእጃቸው ስላለ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ስንት አለ።

ደግሞ ታማኝነታቸው። ቁልፉን ከተረከቡ ጀምሮ አንድ ቀን ከአንገታቸው አውልቀውት አያውቁም። ሌላው ሰው አንገቱ ላይ ማተብ ያስራል፣ እሳቸው ማተቡንም ቁልፉንም። ጸበል ሲጠመቁ እንኳን አያወልቁትም አሉ። ቢሮ ሳሉም እንዲሁ ነበሩ፤ አንድ ፋይል እጃቸው ከገባ ባለቤቱም አያገኘውም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ዛሬ ከየት ይገኛል?

ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ሸለሟቸው። ለሌላው ጡረተኛ ጋቢ ነው የሚሰጡት። ብርድ ይምታቸው ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሚያዩት ነገር ቢያገኙ ቢሮ እየተመለሱ አይጠይቁንም ብለው ይሆናል እንጂ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ድሮ የሞተ የፈረንሳይ ሽማግሌ አለ፣ ነፍስ ይማር። ስሙ በእኔ አፍ አይወጣም። ጢሙ እስከ ደረቱ ነው። ይሄ ሰውዬ ጓሮው ውስጥ ኩሬ ነበረችው፤ ኩሬዋ ላይ አበባ ይንሳፈፋል፤ እሱ ደግሞ ያችኑ ኩሬ ይስላል። ጠዋት ይስላታል፣ ቀትር ላይ ይስላታል፣ ማታ ይስላታል። ሚስት የለችውም ወይ ብዬ ብጠይቅ አልመለሱልኝም። ውሃውን አይደለም የሚስለው፣ ውሃው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ነው ብለው አስረዱኝ። በኋላ ዓይኑን ሞራ ጋረደው፣ ያኔም ብሩሹን አላስቀመጠም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት፣ ይሄ ገባኝ። አንጀቴንም በላው። ብቻ ሰውዬው ኩሬዋን በገዛ ጓሮው፣ በገዛ ገንዘቡ ነው ያስቆፈራት አሉ… ይሄኛውን ገጽ ሳይዘሉት አልቀሩም።

ከዚያማ የእኛ ሰው ጢም ማሳደግ ጀመሩ። ሰፊ የሰሌን ባርኔጣም ገዙ፤ የቀረችው ኩሬዋ ነች። ኩሬ ከየት ይምጣ? ክረምት ቢሆን ሜክሲኮ አደባባይ አስፋልቱ ላይ ይገኝ ነበር፤ የካቲት ነው። … ጀማነሽ፣ ትልቅ ሰው ከሩቅ አይፈልግም። አንገታቸውን ዳበስ ቢያደርጉ፣ ቁልፍ።

ያው ታውቂዋለሽ፣ ከሕንፃው ጀርባ ያለው የሲሚንቶ ገንዳ። ለእኔና ለአንቺ ገንዳ ነው። ውሃ በፈረቃዋ ቀን ትመጣለች፣ እሱ ውስጥ ትጠራቀማለች፣ ከዚያ በፓምፕ ወደየቤታችን ትወጣለች፤ ፓምፑ ሲያኮርፍ በጀሪካን እንቀዳለን። ለእሳቸው ግን ኩሬ ሆኖ ታያቸው። የብረት ክዳኑን ከፈቱ፣ ወንበራቸውን ዘረጉ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃችን ሥራ አገኘች። ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። የእኛን ውሃ ምን ዝም ያሰኘዋል ቢሉስ? … ባርኔጣ።

አሁን ያቺን እሑድ ልንገርሽ። ቅበላ ነው፤ የሩቲ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን። የወንድሜ ልጅ፣ እኔው ጉያ ያደገች፣ ያቺ አንገቷን ደፍታ የምታልፍሽ። ኤርሚ የሚባለው ልጅ ሽማግሌ ልኳል፤ የሽማግሌዎቹ አውራ ጋሽ ወልደአማኑኤል ናቸው፣ ከዘራቸው ብቻውን ሽማግሌ ይሆናል። ዶሮው ደርሷል። ቤቱ ተወልውሏል፣ በደረቅ ጨርቅ። ቧንቧውን ብከፍተው ያፏጫል እንጂ ጠብ አይልም። ለካ ፓምፑን አጥፍተውታል። ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ይንቀጠቀጣላ። ውሃው ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ብርሃኑ ይሰበራል። ብርሃን እንደሚሰበር በዚያ ቀን ነው ያወቅሁት፤ ሰው ካልተማረ ስንቱ ያመልጠዋል።

ጀሪካኔን ይዤ ወረድኩ። ግማሹ ሕንፃ እዚያው ነው፤ ቢጫ ጀሪካን ከገንዳው እስከ አጥሩ ተደርድሯል። ሰዉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፣ ቅዳሴ የገባን ነው የምንመስለው። እሳቸው አንድ ብሩሽ በአፋቸው፣ አንድ ብሩሽ በእጃቸው። ቀረብ ብዬ በትሕትና፣ ዛሬ የልጅ ሽማግሌ አለብኝ፣ አንዲት ጀሪካን ብቻ ልቅዳ አልኳቸው። ዞር እንኳን አላሉም።

«ብርሃኑ እስኪያልፍ ታገሱ።»

እሺ፣ ታገስን። ሰው ለጥበብ ካልታገሠ ለምን ይታገሣል? ብርሃኑ አለፈ፣ ደመና መጣ። እሰይ ብዬ ጀሪካኔን አነሳሁ። እሳቸው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ምን አሉ መሰለሽ፤ አሁን ደግሞ ተመልሶ እስኪመጣ ታገሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ለማፍሰሱም አልታደልን።

ሽማግሌ ደረጃ ላይ ነው። ዙለይካ ሱቅ በረርኩ። የታሸገውን ውሃ ሕንፃው ሁሉ ቀድሞኝ ወስዶታል፣ የቀረው አምቦ ውሃ ብቻ። በሳጥን አስጭኜ መጣሁ። ሩቲ ማስታጠቢያውን ይዛ ጎንበስ አለች፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል እጃቸውን ዘረጉ፣ ስታንቆረቁረው… ሽሽሽ አለ። አረፋው በጣቶቻቸው መሃል እየተንጫጫ ወጣ። እጃቸውን አዩ፣ ሩቲን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔ ፈገግ አልኩ፣ በዚህ ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንደሚል ሰው። ወደ ጓደኞቻቸው ጠጋ ብለው፣ ለመሆኑ የማንን ልጅ ነው የምንጠይቀው፣ እኛ ለበዓል የምንጠጣውን እነዚህ ይታጠቡበታል ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ለልጅቷ ያሳዩት አክብሮት፣ ምን ልበልሽ። መጸዳጃ ቤት የገቡትም… አዎ፣ እሱም በአምቦ ነው። ምን ላድርግ? አንደኛው ሽማግሌ ገብተው ሲወጡ ፊታቸው ላይ ያየሁትን አድናቆት እስክሞት አልረሳውም።

እንግዲህ ሩቲን ለወግ ለማዕረግ ያበቃት ማነው? እኚያ የተከበሩ ሰው አይደሉም? ውሃ ቢኖር ኖሮ ተራ ቤተሰብ ሆነን ነበር የምንቀረው። ውለታቸውን አልረሳም። ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል። ድንኳኑ የሚተከለው እዚሁ ግቢ ነው፣ ገንዳው አጠገብ። አሁን ጀማነሽ፣ እንደው አንቺ ንገሪኝ፤ ለዚያ ሁሉ ድስት፣ ለዚያ ሁሉ ሳህን፣ ለዚያ ሁሉ እጅ አምቦ ከየት አመጣለሁ? ዳግም ትንሣኤ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢያድርስ? ሙሽራዋን «ብርሃኑ እስኪያልፍ ታገሺ» ልበላት? … ነገ የነዋሪው ስብሰባ ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ይሁን የሚለው ይነሳል። ብቻ እኔ ስለ ስብሰባ አላወራሁም። ስለ ጥበብ ነው የማወራው።

… ሬዲዮው ጠፋ እንዴ? መብራት ሄደ? የእኛስ አለ። እንግዲህ ሬዲዮኑም አዳምጦ አዳምጦ ደክሞት ይሆናል። የዚያኛውን ትራስ ልብስ አቀብዪኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እሳቸው መጽሐፉን ገለጥ ቢያደርጉ የፈረንሳዩ ኩሬ እንደ ገንዳችን ባዶዋን አይደለችም፤ አበባ አላት፣ ሰፋፊ ቅጠል አላት። የውሃ አበባ ሰንጋ ተራ ከየት ይምጣ? ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እሳቸው ግን ጉልት ወረዱና የሐበሻ ጎመን ገዙ። ሰፋፊውን ቅጠል መርጠው አንድ በአንድ ውሃው ላይ አነጠፉት። ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቀው፣ እንደ አበባ ፈልቅቀው ቅጠሉ ላይ ቁጭ አደረጉት። ይሄን ሁሉ የሚያደርጉት ሳይነጋ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ በሸራ ጋርደውታል። እኛ ምን እናውቃለን፣ ሻያችን ብቻ ሽንኩርት ሽንኩርት ማለት ጀመረ። ዙለይካ ምስኪን፣ «እትዬ፣ ወላሂ ሻይ ቅጠሉ አልተበላሸም» እያለች ደንበኛ በገባ ቁጥር ስትምል ከረመች።

አንድ ረቡዕ ጀሪካኔን ይዤ ወረድኩ። ሸራው ገለጥ ብሏል፣ ወንበሩ አለ፣ ባርኔጣው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ሰው የለም። ለካ ቀለም አልቆባቸው ሜክሲኮ ሄደዋል። ዘንበል ብዬ ባይ… የታጠበ ጎመን፣ የተሰነጠቀ ሽንኩርት፣ ዝርግት ብሎ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? በጾም፣ በምሳ ሰዓት፣ ጎመንና ሽንኩርት ውሃ ላይ አይተሽ ፈረንሳይ ትዝ ይልሻል? አንዷ አጥባ ረስታው ነው አልኩ በልቤ። … እንዲህ አትዪኝ። እሺ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ትዝ ብሎኝ ይሆናል። ግን ደግሞ ምግብ ነው፣ ውሃ ውስጥ በስብሶ ሲጣል ማየት ኃጢአት አይደለም?

ለቀምኩት። ጎመን በጤና ይላል ያገራችን ሰው፤ ይሄኛው ጎመን በጥበብ ነበር፣ እኔ መሃይሟ ወደ ጤናው መለስኩት። ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ ጎመኑን ከታተፍኩ፣ መጨረሻ ላይ ቃሪያ ጣል አደረግሁበት፣ ደረጃው ሁሉ አወደ። ታውቂኛለሽ፣ ብቻዬን ከበላሁ ጉሮሮዬ አይወርድም፤ ለጎረቤት ማቅመስ ከእናቴ የወረስኩት ነው። ሩቲን ሳህን ሙሉ አስያዝኳት። ለማን ይቅደም? ብቻቸውን ለሚኖሩ፣ ለጥበብ ሲሉ ምሳቸውን ለሚረሱ ትልቅ ሰው ነዋ።

በሉ። ሳህኑን ጠርገው በሉት። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም ብለው ብርቱካን ጣል አድርገውበት፣ እጇ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ጎመን ከእናቴ ቤት ወዲህ አልቀመስኩም ብለው በሩቲ አፍ ላኩብኝ። ጨዋ ናቸው፣ ይሄን ማን ይክዳል? ከዚያ አዲሱን ቀለም በብብታቸው ይዘው፣ እያፏጩ፣ ለማታው ብርሃን ወረዱ።

…

ቆየት ብሎ እርምጃቸው በደረጃው ሲወጣ ሰማሁ፤ ለቅሶ ደርሶ የሚመለስ ሰው እርምጃ ነው። በሬ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ምድጃው ላይ ያለውን ድስት አዩ። እኔን አዩ። እኔ ማማሰያዬን ይዤ ግድግዳ ላይ እንዳለ መልአክ ቆሜያለሁ።

«የጠዋቱን ሥዬዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የማታውን በላሁት ማለት ነው?»

ጣዕሙን በራሳቸው አፍ አመስግነው የለ? ያ የፈረንሳይ ሽማግሌ ያችን ኩሬ ዕድሜውን ሙሉ ሣላት እንጂ አንድ ቀን ቀምሷት ያውቃል? አያውቅም። ተማሪ መምህሩን ይበልጣል ማለት ይሄ ነው። እንዲያውም ለሰርጉ ምግብ ቅመሱልኝ ብዬ ልጠራቸው አስቤ ነበር፤ ጎመን ካለ ብለው እንዳይቀሩ ፈራሁ።

… ማነው እንዲህ ያሳለው? ብርድ መቶት ይሆናል፣ ጋቢ ቢሸለም ኖሮ… ተዪው፣ ተዪው።

እና እሳቸው እጅ ሰጡ? አልሰጡም። እኔን የሚደንቀኝ ይሄ ልባቸው ነው። ሌላ ጎመን ገዙ፣ ሌላ ሽንኩርት ሰነጠቁ፣ እኔን ሲያዩ ብቻ ሸራውን ሳብ ያደርጋሉ። በመጨረሻ ሥዕሎቹን ሰበሰቡና ካዛንቺስ፣ በዚያ አዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ አሰቀሏቸው። ትናንት ነው የተከፈተው። ሕንፃውን በሙሉ ጋበዙ። ሚኒባስ ተኮናትረው ከደጃችን አሳፈሩን፣ ቁርስም አለ፣ ለስላሳም አለ። ሰው ስለ ቁልፍ ሊሰበሰብ ሲል ሚኒባስ ቢኮናተሩለት ምን አለበት? እኔ ክፉ አላስብም። የቸሩት ከፍቅር ነው።

ሥዕሎቹ… ምን ልበልሽ። ቀለም አልተሰሰተም። አንድ ግድግዳ ሙሉ ገንዳ ነው፤ የጠዋት ገንዳ፣ የቀትር ገንዳ፣ ደመና የመጣበት ገንዳ። ሁሉም ጭጋግ የመታው ነው። እኔ አፍጥጬ ሳይ የእኛ ሰው መጡና በጣም ተጠግተሽ ነው፣ ራቅ ብለሽ እዪው አሉኝ። እርቃለሁ እንጂ። ራቅ አልኩ፣ አሁንም ራቂ አሉ። ደረጃውን ወረድኩ፣ በር ላይ ሆኜ በመስታወቱ አየሁት፣ ተሻለ። አስፋልቱን ተሻግሬ ሳየው ግን እውነትም አማረ። ከወሎ ሰፈር ሆነው ቢያዩት ደግሞ ምን ያህል ያምር ይሆን?

ስመለስ ያ ሄኒ፣ የአራተኛ ፎቁ፣ ያው ፀጉሩን ያንጨባረረው፣ አክስቴ ይሄ በቃ ኢምፕሬሽን ነው፣ ማለቴ ፊሊንጉን ነው የምታዪው፣ ዲቴይል አይጠበቅም ይለኛል። ፊሊንጉማ ደርሶኛል አልኩት፣ ከሻዬ ጋር። ዙለይካ ደግሞ አንዱ ሥዕል ፊት ቆማ ቀረች። ያቺን ሮዝ አበባ በጣቷ እያሳየች ለማታውቀው ሰው ሁሉ፣ ይሄ ሽንኩርት ከእኔ ሱቅ ነው፣ አዲስ የገባው ነው ትላለች። ኩራቷን ብታዪ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ፤ አበባ ነው እንዳይሉ አበባ አይደለም፣ ሽንኩርት ነው እንዳይሉ ያን ሁሉ እንግዳ ጠርተዋል።

እኛም አለንበት እኮ ጀማነሽ። ያቺ የእሑዷ ሥዕል ላይ፣ ከታች ጥግ፣ ቢጫ ጭረት አለች። ምንድን ናት ብዬ ብጠይቅ፣ የጀሪካኑ ሰልፍ ውሃው ላይ የጣለው መልክ ነው አሉኝ። በሕይወቴ ተሥዬ አላውቅም፤ ጭረትም ቢሆን ደስ ይላል። ሽማግሌ ደጅ አቁሜ፣ ጀሪካን ይዤ የቆምኩባት ያች ቀን፣ አየሽ፣ ከንቱ አልቀረችም። ለጥግ ማሳመሪያ ሆናለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣልሽ። አንሶላውን አጥብቀሽ ያዢ።

የክብር እንግዳዋ እማማ ወለተማርያም ናቸው፣ የምድር ቤቷ። ታውቂያለሽ፣ በዚህ ሕንፃ እማማ ያሉት ነው የሚሆነው፤ ነዋሪው እጁን የሚያወጣው የእማማን እጅ አይቶ ነው። ቁልፉም ያኔ ለዚያ ሰው የተሰጠው እማማ «ይሄ ልጅ ይያዘው» ስላሉ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ለማስገፈፍ ተራ ይጠብቃሉ። ሰው ሲያልፍ እንደ ጥላ ነው የሚያዩት፤ እኔን እንኳን በድምፄ ነው የሚለዩኝ። ድምፄን ደግሞ ማን ይስተዋል። የእኛ ሰው ታዲያ እማማን በሚኒባስ አላመጡም፣ ለብቻ ታክሲ ነው የጠሩላቸው። ክንዳቸውን ደግፈው ደረጃውን አወጧቸው፣ ከፊት ወንበር አስቀመጧቸው፣ ትራስ ከጀርባቸው። የገዛ እናቱን እንኳን እንዲህ የሚንከባከብ ስንት አለ? በተለይ ስብሰባ ሲቃረብ።

ንግግር ሲደረግ እማማ ከወንበራቸው ተነሱ። ቀስ እያሉ ግድግዳው ድረስ ሄዱና አፍንጫቸው ቀለሙን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። እማማን ራቅ ይበሉ የሚል አልተገኘም። የጠዋቱን ገንዳ አዩ። የቀትሩን አዩ። የደመናውን አዩ። የእኛ ሰው እጃቸው ሳያውቁት አንገታቸው ላይ ሄዶ ቁልፉን ጨብጧል። አንዲት ጥሩ ቃል ከእማማ አፍ ብትወጣ፣ ነገ ስብሰባ ብሎ ነገር የለም፤ ቁልፉ እዚያው አንገት ላይ፣ የሩቲ ሰርግ ደግሞ… ብርሃኑ እስኪያልፍ። እኔም ለስላሳዬን ይዤ ደርቄያለሁ።

እማማ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

የእኛ ሰው ፊታቸው በራ፤ ሥዕሎቻቸው ላይ የፈለጉት ብርሃን ያኔ እሳቸው ፊት ላይ ነው የመጣው። ሥራዬ ሰው አስለቀሰ ብለው ወደፊት ፈጠን አሉ። እማማ በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ጉንጫቸውን አገኙት፣ ጢማቸውን ደባበሱት፣ ያዟቸው።

አንድ ነገር እወቂ ጀማነሽ። ይሄን እኔ ብናገረው አሽሙር ነው ይሉኝ ነበር፤ ሰው ጠልቶኛል። እማማ ግን አሽሙር ብሎ ነገር አያውቁም፤ ያሉት ከአንጀታቸው ነው፣ እያለቀሱ፣ ልጃቸውን የሚመርቁ እናት ሆነው ነው። ካፌው ሰማ፣ እንግዳው ሰማ፣ ሊወስደን የመጣው የሚኒባስ ሹፌርም በር ላይ ቆሞ ሰማ። ሕንፃችን በሙሉ በአንድ አፍ አሜን አለ። እኔ ሁለቴ ነው ያልኩት።

በነገራችን ላይ፣ አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው አይደል? ከዚህ ሆነሽ የገንዳው ክዳን በደንብ ይታይሻል? እሰይ። እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ፤ ነገ ስብሰባው ላይ ቀደም ብለሽ ከፊት ተቀመጪ።

… መስኮቱን ለምን ይዘጉታል፣ በዚህ ሙቀት? ይሁን፣ መስታወት ድምፅ አይከለክልም። ጠጋ በይኝ፣ ቃል በቃል ልንገርሽ፤ እማማ ወለተማርያም ያን የተከበረ ጢም በሁለት እጃቸው እንደያዙ እንዲህ ነው ያሉት፦

«አይ ልጄ… እኔ ብቻዬን መስሎኝ ነበር፣ ለካ አንተም ሁሉን ነገር እንዲህ ነው የምታየው። ምነው እስከ ዛሬ ደበቅኸን? ይሄን ዓይን ይዘህ ነው ያን ሁሉ ቀን ገንዳ አፋፍ የምትቀመጠው? አይዞህ፣ አብረን እንታከማለን፤ እስኪሻልህ ቁልፉን ዓይኑ የሚያይ ሰው ይያዝልህ። ከፈላ ውሃ በደህና የወጣው ሕፃኑ ቂርቆስ የዓይንህን ብርሃን ይመልስልህ።»